እትዬ ማሚቴን አንድ ፐርሰንት ላደረጉልን ሊቀ መንበር

ለተከበሩ ኢንጂነር ቢሩክ ዘውገ
የኢስትሙርና አካባቢው መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበር
ጋሃና፣ ኦሃዮ

ጉዳዩ፦ ሁለት ጊዜ ለመቶ ስለተካፈሉ አሥራ ዘጠኝ ሽማግሌዎች

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ከጎንዎ ተለይቶ የማያውቀው ላፕቶፕዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። «በሙሉ» ስል ከመቶ መቶ ማለቴ ነው፤ በዕድራችን አዲስ አሠራር ይህ አንድ ፐርሰንት ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል፣ ምኞቴ እንዳያንስብዎ አስቀድሜ ማብራራት ግድ ሆነብኝ። ላሳደጉዎት አክስትዎም ነፍስ ይማር፤ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎ።

ይህን ደብዳቤ በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ሁሉም አባል በሚያነብበት ቦታ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በግል ሁለት ጊዜ ደውዬልዎ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ትሕትና በተሞላበት አነጋገር ሲስተሙን እንዳምን መክረውኛል። ምክርዎን ተቀብዬ ሲስተሙን ለማመን ብዙ ደከምኩ። ነገር ግን በስታቲስቲክስ የተመረቅኩ፣ እንጀራዬም ግሮቭ ሲቲ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ሌላ ሰው ያበላሸውን ሰንጠረዥ ማቃናት የሆነ ሰው ስለሆንኩ እምነቴ ደካማ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ «በሐዘኔ ወቅት ከአባላቱ 94% ተገኝተው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ» የሚል ሪፖርት ከነሰንጠረዡ ሲልኩልን፣ ከዚህ በላይ ዝም ብል በሳሎንዎ ወንበሮች ዘንድ ውለታ ቢስ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ወንበሮቹ ማን እንደተቀመጠባቸው ያውቃሉና።

ነገሩን ላልተከታተሉ አባላት በቅድሚያ ባጭሩ ላስረዳ። ዕድራችን ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያለቅስበትና አብሮ ዕቃ የሚያጥብበት ማኅበር ነው። በደንባችን መሠረት በለቅሶና በቀብር የመገኘት መጠኑ ከሰባ ፐርሰንት በታች የወረደ አባል ይሰናበታል። ለብዙ ዓመታት ስም ይጠሩ የነበሩት ጋሼ ሙሳ ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው ጥግ ይይዛሉ፤ ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ ስም ይጠራሉ፤ ያልመጣ ሰው ሲያጋጥማቸው «ይመጣል» ብለው ያልፉና ከመውጣታቸው በፊት እንደገና ይጠሩታል።

እርስዎ ሲመረጡ ይህን ኋላ ቀር አሠራር እንደሚያስቀሩ ቃል ገቡ፤ ቃልዎንም ጠበቁ። አፕ አሠርተው አመጡልን። አባሉ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ «ደርሻለሁ» የሚለውን ይጫናል፤ አፑም ስልኩ ያለበትን ቦታ አይቶ ይመዘግብለታል። ነገሩ ያልሆነላቸው አሥራ ዘጠኝ አረጋውያን ብቻ በጋሼ ሙሳ የስም ጥሪ እንዲቀጥሉ በቸርነትዎ ፈቀዱላቸው።

የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለቱን መረጃዎች በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቡ። ከአፑ የመጣው ቁጥር ከመቶ የተሰላ ነው፤ ዘጠና ስድስት ፐርሰንት የተገኘ ሰው 96 ተብሎ ይመጣል። የጋሼ ሙሳን የስም ጥሪ ኮምፒዩተር ላይ የጻፈችው ልጃቸው ፍርዶስ ግን የተገኙበትን ለተጠሩበት አካፍላ ነው የተወችው፤ ከአንድም ለቅሶ ያልቀረ ሰው 1 ይሆናል፣ ሰማንያ ስምንት ፐርሰንት የተገኘ ደግሞ 0.88 ይሆናል። ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ነው። አንድ አምድ ውስጥ እንዳሉ ሲቀላቀሉ ግን ኪሎና ኩንታልን ሳይለዩ እንደመደመር ነው።

እርስዎ አምዱን ከላይ እስከ ታች መርጠው የፐርሰንቷን ምልክት ተጫኑ። ኤክሴል ምስኪን የታዘዘውን ያደርጋል፤ ምልክቷን ሲለጥፍ ቁጥሩን በመቶ አባዝቶ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ በአፑ ከሚመዘገቡት ወጣቶች አንዷ የሆነችው የጽጌረዳ 96 ወዲያው 9600% ሆነ። ይህን ሲያዩ በጣም እንደሳቁ፣ «ጽጌረዳ ከሟቾቹ በላይ ተገኝታለች» ብለው እንደቀለዱም በስልክ ነግረውኛል። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ። ምነው እዚያው ላይ ባቆሙ ኖሮ።

አላቆሙም። መላውን አምድ ለመቶ አካፈሉት። 9600% ወደ 96% ተመለሰ፤ ጽጌረዳ ዳነች። የሽማግሌዎቹ 1 ግን 0.01 ሆነና አንድ ፐርሰንት ተብሎ ተጻፈ። 0.88ም 0.0088 ሆነ፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ስለደበቁት እሱም ተጠጋግቶ አንድ ፐርሰንት ተባለ። በዚህም ከአንድም ለቅሶ ያልቀረውና አልፎ አልፎ የሚቀረው ሽማግሌ ያለ አንዳች አድልዎ እኩል ሆኑ። እኩልነትን በአንዲት ጣት ያሰፈነ መሪ በዕድሜዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ምስጋና ብላቸውም ያስኬዳል፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመሰናበቻውን መልእክት ማንም ሰው ሳያየውና ሳያፍርበት ሲስተሙ ራሱ እንዲልከው ማድረግዎን ከልብ አደንቃለሁ። የሰው እጅ ቢገባበት ኖሮ አንዱ ኮሚቴ የእትዬ ማሚቴን ስም ሲያይ እጁ ይያዝበት ነበር፤ ሥራው ይጓተት ነበር።

እትዬ ማሚቴን የማያውቅ አባል ያለ አይመስለኝም፤ ካለ ቤቱ ሐዘን ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ኢስትሙር ውስጥ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ይኖራሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ፍቅሬ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ሆስፒታሉ ከዚህ በኋላ ቤታቸው ይረፉ ብሎ ነርስ ይልክላቸዋል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ጋሽ ፍቅሬም ያውቃሉ። ልጅ የላቸውም። እዚህ አገር የሥጋ ዘመድ የላቸውም። ያላቸው ዕድር ነው።

እትዬ ማሚቴ ለባለቤታቸው ሾርባ እያጠጡ ሳለ ስልካቸው ጮኸና «ውድ አባል፣ ተሳትፎዎ 1% በመሆኑ ከአባልነት ተሰናብተዋል፤ ለነበረን መልካም ጊዜ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ደረሳቸው። መጨረሻው ላይ የምትስቅ ቢጫ ፊት አለችበት። እሷን መምረጥ ማን እንዳሰበው ባላውቅም ለደግነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

በማግስቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል አላሉም፤ ሊቀ መንበሩ በድሎኛልም አላሉም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እሸቱ፣ የማንን ለቅሶ ነው የቀረሁት?»

መልእክቱ ከደረሳቸው ጀምሮ በዚህች ከተማ የሞተውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሱ፣ ያልደረሱለትን ሰው ሲፈልጉ ቆይተዋል። አላገኙም። ያላገኙት ረስተውት እንደሆነ ስለጠረጠሩ ግን ለጥንቃቄ እየደወሉ ይቅርታ መጠየቅ ጀምረው ነበር። ሐምራዊት ወንድሟን ከቀበረች ዓመት አልፏታል፤ ያኔ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ይዘው የነበሩት ሴትዮ ስላልመጡላት ይቅርታ ሲጠይቋት አእምሯቸው የታመመ መስሏት ደንግጣ እኔ ጋ ደወለች። አእምሯቸው ደህና እንደሆነ፣ የታመመው የሰንጠረዡ አራተኛ አምድ እንደሆነ አስረድቼ አረጋጋኋት።

ሁለተኛ። ስደውልልዎ መፍትሔ ሳይሰጡ አልሸኙኝም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። «ጋሼ እሸቱ፣ ያወጣቸው ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሪሬጂስተር ያድርጉና እንደ አዲስ አባል ይግቡ» አሉኝ። አዲስ አባል በደንባችን የስድስት ወር መጠበቂያ እንዳለበት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐዘን ቢደርስበት ዕድሩ እንደማይቆምለት ያስታወሱኝም እርስዎ ራስዎ ነዎት። የሸኙኝ እንዲህ ያለ ሙሉ መረጃ ሰጥተውኝ ነው።

ጋሽ ፍቅሬ የሚስታቸው ፊት ለምን እንደጠቆረ ጠርተው ጠየቁኝ። መዋሸት ስለማልችልበት ሁሉንም ነገርኳቸው። ፐርሰንቱን ሳስረዳ በጥሞና ሰሙኝ፤ ስድስት ወሩ ላይ ስደርስ ግን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሳሉ ሲለቃቸው እንዲህ ብለው አደራ ሰጡኝ። «እኔ ለመጠበቅ ፈቃደኛ መሆኔን ለቢሩክ ንገርልኝ። እስቲ ነርሷን ያናግራት፤ እሱ ሰው ማሳመን ይችልበታል።» አደራቸውን ይኸው አድርሻለሁ። የነርሷን ስልክ ቁጥር ከፈለጉ እልክልዎታለሁ።

ሊቀ መንበር ሆይ፣ እትዬ ማሚቴ ሞቱን አይደለም የሚፈሩት። ለሞቱማ ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። የሚፈሩት የሞቱን ዕለት ነው፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ሴትና ብዙ ባዶ ወንበር እንዳይቀሩ ነው። ለስንቱ ቤት ቀድመው ደርሰው ወንበር የዘረጉ ሰው የራሳቸውን ወንበር ብቻቸውን እንዳይዘረጉ ነው። ይህን በሰንጠረዥ የትኛው አምድ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ስለማላውቅ እንዲሁ በቃል አቅርቤዋለሁ።

ሦስተኛ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው፤ ርዝመቱም በአድናቆቴ ልክ ይሆናል። አፑ አባሉ «ደርሷል» የሚለው ከለቅሶ ቤቱ በስንት ርቀት ላይ ሲሆን ነው ብዬ የሠራውን ቶሚን ጠይቄው ነበር። አባላት ፓርኪንግ ፍለጋ እንዳይቸገሩ አፑ በለቅሶ ቤቱ ዙሪያ የሚያሰምረውን ክብ ሰፋ እንዲያደርገው እርስዎ እንዳዘዙት ነገረኝ። እጅግ የታሰበበት ነው። የእርስዎ ቤት ጋሃና ውስጥ ኤርፖርቱ አጠገብ በመሆኑ ደግሞ ክቡ የኤርፖርቱን የሹፌሮች መጠበቂያ ሙሉ በሙሉ ዋጠው። በዚህም በአክስትዎ ለቅሶ ሰሞን፣ ተሳፋሪ የሚጠብቁ የዕድራችን ሹፌሮች መቀመጫቸውን ሳይለቁ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ደረሱ። ከሹፌሮቹ አንዱን፣ ሲሞንን፣ አግኝቼ ለምን እንዳልገባ ብጠይቀው ትንሽም አላፈረም። «ጋሼ፣ ነፍስ ይማር ብያለሁ እኮ። ላይን ላይ ስለነበርኩ፣ ወረፋዬ እንዳያልፈኝ ነው» አለኝ። ከአውሮፕላኑ ጩኸት የተነሳ እርስዎ ላይሰሙት ይችላሉ እንጂ ማለቱን አልጠራጠርም። የሲሞን ተሳትፎ በአሁኑ ሰዓት 100% ነው።

ለፍትሕ ስል፣ በእውነት የመጡ ወጣቶችም እንደነበሩ መመስከር አለብኝ። ጽጌረዳ ከሥራ ወጥታ በዩኒፎርሟ መጥታ ዕቃ አጥባለች። ደራርቱ ልጇን አዝላ መጥታለች። ሌሎችም ጥቂት አሉ። ነገር ግን 94% እና «ጥቂት» በእኔ ሙያ አንድ አይደሉም።

አራተኛ። ወደዚህኛው ስመጣ እጄ ትንሽ ከበድ ይለኛል።

ሽማግሌዎቹ የመሰናበቻው መልእክት በደረሳቸው በሳምንቱ፣ የአክስትዎ ማረፍ ከአገር ቤት ተሰማ። ወሬው እርስዎ ጋ በፌስቡክ ሳይደርስ መርዶ መነገር ነበረበት። መርዶ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዕድሜ ባላቸው ሰዎች ነው የሚነገረው፤ ለዚህ እስካሁን አፕ አልተሠራለትም። ጋሼ ሙሳ ለኮሚቴዎቹ በተራ ደወሉላቸው። አንዱ ሺፍት ላይ ነበር፣ አንዱ ስልኩን አላነሳም፣ አንዱ ደግሞ ለሊቀ መንበር መርዶ መናገር ከኃላፊነቱ በላይ እንደሆነ በትሕትና ገለጸ። ስለዚህ ጋሼ ሙሳ የቀሩትን፣ ማለትም የተሰናበቱትን ሰበሰቡ። እትዬ ማሚቴ ባለቤታቸውን ጥለው ለመውጣት ሲያመነቱ፣ ጋሽ ፍቅሬ «ሂጂ፣ እስክትመለሺ የትም አልሄድም» ብለው እንደሰደዷቸው መኪና ውስጥ ነገሩን። መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ።

በርዎን ሲያንኳኩ እርስዎ በቢጃማ ወጡ። ፊት ለፊትዎ ነጠላ የለበሱ፣ ኮፍያ የደፉ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ፐርሰንቶች ተሰልፈዋል። በመሰለዎት ነገር አልፈርድብዎትም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ሰልፍ የወጡብኝ ነበር የሚመስለኝ። እኔ ከኋላ ቆሜ ስለነበር ያሉትን በደንብ ሰምቻለሁ።

«ስለ ፐርሰንቱ ከሆነ በኢሜይል አቅርቡ፤ እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግም።»

እትዬ ማሚቴ ቀረብ ብለው ክንድዎን ያዙ። «አይደለም ልጄ» አሉዎት። «ግባና ቁጭ በል።»

ያን ጊዜ ገባዎት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም፤ የግልዎ ነው። ሐዘንዎ እውነተኛ ነበር፣ እኔም አብሬዎ አልቅሻለሁ፤ ይህን ስል የለበጣ አይደለም። የምጽፈው የሚቆጠረውን ብቻ ነው። ሦስቱን ቀን ሳሎንዎ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጡት፣ ውኃ እንዲጠጡ ያስገደዱዎት፣ ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ወንበር ያቀረቡልዎት፣ ቆሻሻውን ያወጡት፣ ለልጆችዎ አክስትዎ ማን እንደነበሩ የነገሯቸው፣ አብዛኞቹ ከዕድሩ የተሰናበቱ ሰዎች ነበሩ። የተሰናበተ ሰው ስሙ ስለማይጠራ አንዳቸውም በሰንጠረዥዎ ውስጥ የሉም። ቤትዎ ውስጥ የነበሩት አልተቆጠሩም፤ የተቆጠሩት ኤርፖርት ነበሩ። ማክሰኞ ዕለት ይህን 94% ብለው ጠርተው አመሰገኑበት።

እኛ መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያለ የፐርሰንት ስሕተት ሲሠራ ባዶ የጭነት መኪና ሙሉ ነው ተብሎ ይላካል። ተቀባዩ በሩን ከፍቶ ባዶውን ሲያይ ይስቃል፣ ወይም ይሳደባል፣ መኪናው ተመልሶ ይመጣል። ማንም አይሞትም። የእኛ ዕድር ግን ሥራው ሁሉ በሞት ዙሪያ በመሆኑ፣ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ስለሌለ፣ ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ሳይሻል አይቀርም ብዬ በታላቅ ትሕትና እገምታለሁ።

ስለ ማስተካከያው። ውስብስብ መስሎ እንዳያስፈራዎ፤ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከአፑ የመጡትን ረድፎች አይንኳቸው፤ እነሱ አንድ ጊዜ ለመቶ ተካፍለው ልክ መጥተዋል። ከጋሼ ሙሳ የመጡትን አሥራ ዘጠኝ ረድፎች ብቻ ይምረጡና በመቶ ያባዟቸው። ይኸው ነው። ፍርዶስ ሰንጠረዡን ባየች ጊዜ ለአባቷ ያለችው ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ያጥራል። «ዳድ፣ አልሬዲ ዲቫይድ የሆነውን ነው እንደገና ዲቫይድ ያደረጉት» ነው ያለችው። ለወደፊቱም ከሁለት ቦታ የመጣ ቁጥር ሲያቀላቅሉ፣ የፐርሰንቷን ምልክት ከመጫንዎ በፊት የሁለቱን አጻጻፍ አንድ ያድርጉ፤ ከተጫኑ በኋላም አምዱን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ በዓይንዎ ይዩት። ከኛ ሁሉ ይልቅ ለቅሶ ላይ የሚውሉ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ላይ ለቅሶ መድረስ ካቆሙ፣ ወይ ሰዎቹ ሞተዋል፣ ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል። መሞታቸውን ደግሞ ዕድሩ ይሰማ ነበር።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ለኤክሴል የማይሰጥ ሥራ ነው። ለአሥራ ዘጠኙም በመልእክት ሳይሆን በድምፅዎ ይደውሉላቸው። እትዬ ማሚቴ ጋ ግን በእግርዎ ይሂዱ። ሪሬጂስተር የለም፣ ስድስት ወር የለም፤ አንድም ቀን አባልነታቸው እንዳልተቋረጠ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ጋሽ ፍቅሬ ባሉበት አንብበው ይስጧቸው። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይታይ እንደማይሉኝም ተስፋ አደርጋለሁ። ጋሽ ፍቅሬ በጉባኤው ለመገኘት ያላቸው ፍላጎት ከፍተኛ ቢሆንም ቀጠሮ መያዝ አቁመዋል። እባክዎ ዛሬ ይሁን።

የማኅበራችንን ዕድገት ከነጥቡ በስተቀኝም በስተግራም በማየት ለደከሙት ድካም፣ እኔንም ይህን ሁሉ እንድጽፍ ላደረጉበት ትዕግሥት፣ ምስጋናዬ ተባዝቶ ብቻ እንጂ ተካፍሎ እንዳይደርስዎ እየተመኘሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ዓይን፣ ከዚያም በላይ ወደ ኢስትሙር የሚያደርስ ቅርብ መንገድ እንዲሰጥዎ በመለመን፣ በማይቀንስ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎው
እሸቱ ገብረኪዳን
ተሳትፎ 84%፣ በአካል

ግልባጭ፦
ለጋሼ ሙሳ፣ ስም መጥራቱን እንዳያቆሙ
ለቶሚ፣ ክቡን ቢያንስ ከአውሮፕላን ማረፊያው እንዲያወጣልን
ለሲስተሙ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የእሱ ስለሆነ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ እንዳይወጣ የለመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እትዬ ማሚቴ ናቸው። ከመለጠፌ በፊት ወስጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ተው እሸቱ፣ ልጁ ሐዘን ላይ ነው፤ አርባው እንኳ ይውጣለት» አሉኝ። ልታዘዛቸው በጣም ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ደንባችንን ገልጬ ሳየው የተሰናበተ አባል በዕድሩ ጉዳይ ላይ አስተያየት መስጠት አይችልም ይላል፤ እንደሚያውቁኝ ደንብ መጣስ አልወድም። አባልነታቸውን የመለሱላቸው ዕለት ቃላቸው ስለሚጸና፣ ልመናቸውን ተቀብዬ ደብዳቤውን ከግሩፑ ላይ አጠፋዋለሁ።